ጄት ወይስ አውትቦርድ? ለሞተር ያት አገልጋይ ጀልባን ስለ መምረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባሕረኞች «ያት» ብለው የሚጠሩት ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ከወደብ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም። በጀርባው ላይ ተጭና፥ ወይም በኋላ ክፍሉ በሚገኘው ጋራዥ ውስጥ ተሸሽጋ፥ አንዲት ትንሽ ጀልባ አብራው ትጓዛለች። መርከቡ ከባሕር ዳርቻ ርቆ መልሕቁን ሲጥል እንግዶቹን ወደ የብስ የምታደርሰው፥ ከገበያ ሥጋውንና አትክልቱን የምታመጣው፥ የሚዋኙትን የምትጠብቀው፥ በሌሊት የታመመ ሰው ቢኖር ወደ ሐኪም የምታደርሰው ይህችው ጀልባ ናት። በውጭ አገር ቋንቋ «ቴንደር» ትባላለች፤ በአማርኛ አገልጋይ ጀልባ ብትባል ግብሯን በሚገባ ይገልጸዋል።

ይህችን ጀልባ የሚገዛ ሰው ዛሬ በሁለት ዓይነት መንጃ መካከል ይቆማል። አንደኛው ከጀልባዪቱ ኋላ ተንጠልጥሎ ፕሮፔለሩን በውኃ ውስጥ የሚያሽከረክረው አውትቦርድ ሞተር ነው። ሁለተኛው በጀልባዪቱ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ውኃን ከሥር እየሳበ በኃይል ወደ ኋላ የሚተፋው ጄት ነው። ሻጮች የመጀመሪያውን «ቀላልና አስተማማኝ»፥ ሁለተኛውን ደግሞ «ፕሮፔለር የሌለውና ከአደጋ ነፃ» እያሉ ያቀርቧቸዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህን ሁለት አባባሎች በምሕንድስና ሚዛን መመዘን ነው። የሚደረስበትም መደምደሚያ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጄት አደጋን አያጠፋም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ። ስለሆነም ትክክለኛው ምርጫ የሚጀምረው ስለ ሞተሩ በመጠየቅ ሳይሆን፥ በውኃው ውስጥ ማን እንዳለና እጀታውን ማን እንደያዘ በመጠየቅ ነው።

ጉዳዩ የባሕር በር ለሌላት አገር ባለሙያዎች የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በባሕር ዳር ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች ላይ የሚያገለግሉ የባሕር መሐንዲሶች አሉ፤ በጣናና በሌሎች ሐይቆቻችን ላይም የሞተር ጀልባ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። የሚነሣው የምሕንድስና ጥያቄ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

፩. የሁለቱ መንጃዎች አመጣጥ

በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውኃን ወደ ኋላ በመትፋት ጀልባን የማስኬድ ሐሳብ ከፕሮፔለር የቀደመ ነው። ቱጉድና ሄይስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1661 ለዚሁ ሐሳብ የፈጠራ መብት አግኝተው ነበር። ጄምስ ራምዚ የተባለው አሜሪካዊም በ1787 በእንፋሎት ፓምፕ ውኃ እየተፋች የምትሄድ ጀልባ በፖቶማክ ወንዝ ላይ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ለብዙ ዘመን ፍሬ አላፈራም። ፍሬ ያፈራው በኒው ዚላንድ ካንተርበሪ አውራጃ፥ አይሪሽማን ክሪክ በተባለ የበግ እርባታ ቦታ፥ ዊልያም ሃሚልተን በተባለ ገበሬና መሐንዲስ እጅ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነበር። በዚያ አገር ያሉት ወንዞች ጥልቀታቸው አነስተኛ፥ አልጋቸው ጠጠር፥ ፍሰታቸው ፈጣን በመሆኑ ፕሮፔለር ያላት ጀልባ አትዘልቅባቸውም። ሃሚልተን የሚተፋውን ውኃ ከውኃው ወለል በላይ፥ በጀልባዪቱ ኋላ በኩል እንዲወጣ ባደረገ ጊዜ ከሥር የሚንጠለጠል ነገር ጠፋ፤ ፍጥነቱም ጨመረ። በ1960 የእርሱ ጀልባዎች በታላቁ የኮሎራዶ ሸለቆ ውስጥ ሽቅብ ወጡ። በ1977ም ሰር ኤድመንድ ሂላሪ በሦስት የጄት ጀልባዎች ከባሕር ተነሥቶ የጋንጅስን ወንዝ ሽቅብ ተጓዘ።

አውትቦርድ ሞተር በበኩሉ የተወለደው መቅዘፍ የሚያደክመውን ሰው ለመርዳት ነው። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለው የኖርዌይ ተወላጅ በ1909 በአሜሪካ ሚልዎኪ ከተማ ለገበያ ያቀረበው ሞተር አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት የነበረውና 28 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ነበር። የሞተሩ ዋና ጥቅም ኃይሉ ሳይሆን አንድ ሰው ተሸክሞ ሊያመጣው፥ በሁለት ብሎን ሊያሥረው፥ ሲበላሽም ፈትቶ ወደ ጥገና ሊወስደው መቻሉ ነበር።

እንግዲህ አንዱ ከጠጠራማ ወንዝ፥ ሌላው ከጸጥተኛ ሐይቅ የመጣ ነው። አንዳቸውም ለያት አልተፈጠሩም። እያንዳንዱ የትውልድ ቦታውን ጠባይ ይዞ ወደ ባሕር መጥቷል፤ የሚገዛውም ሰው አብሮ የሚገዛው ያንኑ ጠባይ ነው።

፪. ስለ ኃይልና ስለ ፍጥነት

ሁለቱም መንጃዎች የሚሠሩት በአንድ ሕግ ነው፤ ውኃን ወደ ኋላ ሲገፉ ውኃው በተራው ጀልባዪቱን ወደ ፊት ይገፋታል። ልዩነታቸው በመጠኑ ላይ ነው። ፕሮፔለር ብዙ ውኃ ይዞ ጥቂት ያፈጥነዋል፤ ጄት ግን ጥቂት ውኃ ይዞ እጅግ ያፈጥነዋል። ከዚህም የተነሣ ወደ ኋላ የሚተፋው ውኃ ከጀልባዪቱ ፍጥነት አብልጦ በፈጠነ መጠን የሚባክነው ጉልበት ይበዛል።

ይህ በቀላል ስሌት ይታያል። ከብክነት ሁሉ ነፃ የሆነ መንጃ እንኳ ቢኖር ጥራቱ ከሚከተለው አይበልጥም፦ ሁለት፥ ለአንድና የሚተፋው ውኃ ፍጥነት ለጀልባዪቱ ፍጥነት ሲካፈል በሚገኘው ድምር ይካፈላል። ጀልባዪቱ በ5 ኖት፥ ማለትም በሴኮንድ 2.6 ሜትር ብትሄድና ጄቱ ውኃውን በሴኮንድ 10.4 ሜትር ቢተፋ፥ ክፍልፋዩ 4 ነው፤ ጥራቱም 2 ለ5 ሲካፈል 40 በመቶ ይሆናል። ጀልባዪቱ በ30 ኖት፥ ማለትም በሴኮንድ 15.4 ሜትር ብትገሠግሥና ውኃው በሴኮንድ 24.6 ሜትር ቢተፋ ግን ክፍልፋዩ 1.6 ብቻ ነው፤ ጥራቱም ወደ 77 በመቶ ይወጣል። የፓምፑና የቱቦው ብክነት ከዚህ ላይ ገና ይቀነሳል። በአንጻሩ በዚያው በ5 ኖት የሚሠራ ፕሮፔለር ውኃውን ከጀልባዪቱ ፍጥነት አንድ ተኩል ጊዜ ብቻ ቢያፈጥነው የጥራቱ ወሰን 80 በመቶ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጄት የሩጫ መሣሪያ ነው፤ በዝግታ ሲሄድ ወይም ሸክም ሲጎትት ነዳጅ ያባክናል። አገልጋይ ጀልባ ደግሞ ከሥራ ጊዜዋ ብዙውን የምታሳልፈው በዝግታ ነው። በፈረንሳይ የሜዲትራንያን ጠረፍ ለምሳሌ ከባሕር ዳርቻው 300 ሜትር ድረስ ያለው ውኃ ከ5 ኖት በላይ የማይኬድበት ነው። ስለዚህ የ30 ኖት ጀልባ ገዝቶ በ5 ኖት የሚነዳት ሰው ከፍተኛ ዋጋ የከፈለው ለጄቱ ደካማ ጎን መሆኑን ልብ ማለት አለበት።

፫. ስለ ፕሮፔለር አደጋ

ይህ ሁሉ የነዳጅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ከአገልጋይ ጀልባ ኋላ ሰው አለ። ልጆች ከመርከቡ መዋኛ ደረጃ ላይ ዘለው ውኃ ውስጥ ይገባሉ፤ እንግዶች የጀልባዪቱን ጠርዝ ይዘው ይንሳፈፋሉ። አውትቦርድ ሞተር በመካከለኛ ኃይል በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢሽከረከርና ማርሹ በግማሽ ቢቀንሰው፥ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ፥ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይዞራል። ሦስት ምላጭ ያለው ከሆነ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በአንድ ቦታ 75 ጊዜ ያልፋል። የሰው እጅ ከዚህ ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም።

በግንቦት ወር 2013 በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል፥ በካሜል ወንዝ መግቢያ ላይ የደረሰው አደጋ ለዚህ ምስክር ነው። ስድስት የአንድ ቤተሰብ አባላት የተሳፈሩባት ፈጣን ጀልባ በድንገት ስትታጠፍ ሁሉንም ወደ ውኃ ጣለቻቸው። ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ ከሰውነቱ ጋር አልታሠረም ነበር። ነጂ ያጣችው ጀልባ ክብ እየሠራች በወደቁት ላይ ተመላለሰች፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎችም ክፉኛ ቈሰሉ። ገመዱ በጀልባዪቱ ውስጥ ነበር። የጎደለው እርሱን የማሠር ልማድ ነው።

እንግዲህ ጄትን የሚመርጡ ሰዎች ምክንያታቸው ከንቱ አይደለም። ከጀልባዪቱ ሥር የሚዞር ምላጭ የለም፤ ኢምፔለሩ በቱቦ ውስጥ፥ ከፍርግርግ በስተጀርባ ተሸፍኗል። ልጆች በሚዋኙበት ውኃ ላይ ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ የማይቀበለውም መሐንዲስ አይገኝም። ነገር ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም።

፬. ጄት የሚያዛውረው አደጋ

መኪና የለመደ ሰው ከፊቱ ሰው ድንገት ቢያይ በደመ ነፍስ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ እግሩን ከነዳጅ ያነሣል፥ መሪውንም ያጥፋል። በጄት ጀልባ ላይ ይህ ልማድ አደገኛ ነው። ጄት የሚታጠፈው የሚተፋውን ውኃ አቅጣጫ በመለወጥ ብቻ ነው። ነጂው ነዳጁን በለቀቀ ጊዜ የሚተፋው ውኃ ይደክማል፤ ውኃው ሲደክም መሪው ባዶ ይሆናል፤ ጀልባዪቱም በነበረችበት አቅጣጫ፥ ወደ ሰውየው መንሸራተቷን ትቀጥላለች። አውትቦርድ ሞተርም ነዳጁ ሲለቀቅ የመታጠፍ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ በውኃ ውስጥ ያለው እግሩ እንደ መቅዘፊያ ስለሚያገለግል ጥቂት ይታዘዛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ1998 ስለ ትናንሽ የጄት መንሸራተቻዎች ባወጣው ጥናት ላይ ይህን ነዳጅ ሲለቀቅ መሪ የማጣት ጠባይ በዋና ጉዳይነት አንሥቶታል። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ልዩ ልዩ መፍትሔ አበጅተዋል፤ የጄት ተፈጥሮ ግን አልተለወጠም።

ሁለተኛው ነገር ፎሌ ነው። በአውትቦርድ ሞተር ላይ ማርሹ ፎሌ ሲገባ ፕሮፔለሩ ይቆማል። በብዙ ትናንሽ የጄት ጀልባዎች ላይ ግን ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ኢምፔለሩ ይዞራል፤ ፎሌ የሚባለው ከመትፊያው ፊት የሚወርደው ባልዲ መሰል ክዳን ውኃውን ከፍሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እኩል ሲልከው የሚገኝ ሚዛን ነው። ሚዛኑ ጥቂት ቢዛባ ጀልባዪቱ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሥር ያለው መሳቢያ መሳቡን አያቆምም። ረጅም ፀጉር፥ የዋና ልብስ ማሠሪያ፥ ከጀልባ የተንጠለጠለ ገመድ ወደዚያ ሊሳብ ይችላል። ከኋላ በቅርብ የሚተፋውም ውኃ የሰውን አካል ለመጉዳት የሚበቃ ኃይል አለው።

ስለዚህ «ጄት ከአደጋ ነፃ ነው» የሚለው አባባል ነጂውን ያዘናጋዋል፤ መዘናጋት ደግሞ ራሱ አደጋ ነው። ፕሮፔለር እንዳለው የሚያውቅ ነጂ ወደ ዋናተኛ ሲቀርብ ይፈራል፤ ሞተሩንም ያጠፋል። ፕሮፔለር የለኝም የሚል ነጂ ግን ሞተሩን ሳያጠፋ ልጆች በጀልባው ኋላ በኩል እንዲወጡ ይፈቅዳል። ትክክለኛው ደንብ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሰው ከውኃ የሚወጣው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ሞተር ማጥፊያው ገመድም ጀልባዪቱ ከመነሣቷ በፊት በነጂው ሰውነት ላይ መታሠር አለበት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በእውነት ይሠራል።

፭. ስለ ውኃው ጠባይ

ጄት ለጥልቀት አልባ ውኃ የተፈጠረ ነው ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው በስሕተት ነው። የሃሚልተን ጀልባዎች ጥቂት ጣት ጥልቀት ባለው ውኃ ላይ ያልፉ የነበረው በሙሉ ፍጥነት፥ በውኃው ወለል ላይ ተንሳፈው ሲሮጡ ነው። በባሕር ዳርቻ ቆማ ነዳጅ የሚሰጣት ጄት ግን አሸዋና ጠጠር እንደ መጥረጊያ ትስባለች። አሸዋው በኢምፔለሩና በዙሪያው ባለው ቀለበት መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት ይፍቀዋል፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ውኃው ወደ ኋላ ይሾልካል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። በትናንሽ ጄቶች ላይ አምራቾች ከጀልባዪቱ ሥር ቢያንስ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ውኃ እንዲኖር የሚያዝዙት ስለዚህ ነው። አውትቦርድ ሞተር በዚህ ጥልቀት ላይ ፕሮፔለሩን ድንጋይ ሊያስመታ ይችላል፤ ነገር ግን ነጂው ሞተሩን በከፊል አንሥቶ በዝግታ ሊገባ ይችላል፤ ፕሮፔለሩ ቢጎዳም በአንድ ቍልፍ ተፈትቶ ይለወጣል።

የሣር ነገርም አለ። በሜዲትራንያን ጠረፍ ፖሲዶኒያ የሚባለው የባሕር ሣር ቅጠል በነፋስ ተጠራቅሞ ሲንሳፈፍ የጄቱን ፍርግርግ ይዘጋዋል። የጣናን ሐይቅ የሚያውቁ አባላት እንቦጭ ባለበት ውኃ ላይ ውኃ የሚስብ መሣሪያ ምን እንደሚገጥመው ለመገመት አይቸግራቸውም። ፕሮፔለርም በሣርና በገመድ ይታሠራል፤ ልዩነቱ አውትቦርዱ ተገልብጦ ከውኃ ሲወጣ ችግሩ በዓይን ይታያል፥ በቢላዋም ይቈረጣል። በትንሽ ጄት ላይ ግን ማጽጃ ክዳን ከሌለው ሰው ውኃ ውስጥ ገብቶ ከሥር በእጁ ሊፈታው ይገደዳል፤ ይህም ቍልፉ ተነቅሎ ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው።

፮. ስለ ክብደት፥ ስለ እሳትና ስለ ጋራዥ

አገልጋይ ጀልባ በባሕር ላይ ከምትኖረው ይልቅ በመርከቡ ላይ የምትኖረው ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ መርከቡ ራሱ በምርጫው ላይ ድምፅ አለው። የመርከቡ ክሬን 450 ኪሎ ግራም ያነሣል እንበል። የጀልባዪቱ አካል 180፥ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት አውትቦርድ 100፥ አርባ ሊትር ቤንዚን 30፥ ባትሪው 20፥ መልሕቁ፥ ሰንሰለቱና የደኅንነት ዕቃው 40፥ በውስጧ የቀረው ውኃ 30 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ድምሩ 400 ይሆናል። የቀረው ትርፍ 50 ብቻ ነው። ሞተሩን፥ ፓምፑንና ቱቦውን በሆዷ የምትይዘው የጄት ጀልባ በእኩል ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ትከብዳለች፤ ስለዚህ በማስታወቂያ ጽሑፍ ላይ ያለውን የባዶ ክብደት ሳይሆን የሙሉውን ድምር ከክሬኑ ጋር ማነጻጸር ግዴታ ነው።

በአንጻሩ ጄት አንድ የማይካድ ጥቅም አለው። ከኋላ ተገትሮ የሚቆም ሞተር ስለሌላት የጄት ጀልባ ቁመቷ ዝቅተኛ ነው፤ በመካከለኛ ያቶች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ የምትገባውም እርስዋ ናት። ብዙ ባለቤቶች ጄትን የሚመርጡበት እውነተኛ ምክንያት የዋናተኞች ደኅንነት ሳይሆን ይህ የጣራ ቁመት ነው። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በስሙ መጠራት አለበት።

ጋራዡ የእሳትንም ጥያቄ ያስነሣል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል፤ ተኑም ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚከብድ በተዘጋ ቦታ ወለል ላይ ይተኛል። አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃዋለች። ናፍጣ ግን ብዙውን ጊዜ ከ55 ወይም ከ60 ዲግሪ በታች እንዲህ ያለ ተን አያወጣም። ከዚህም የተነሣ ቤንዚን የሚቀመጥበት ጋራዥ አየር ማስወጫ፥ ተን ጠቋሚና ብልጭታ የማያወጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት፤ ጄት ማለት ናፍጣ ማለት አይደለም። ትልልቆቹ የጄት ጀልባዎች በናፍጣ ሲሠሩ ከትናንሾቹ ብዙዎቹ በቤንዚን ይሠራሉ። የናፍጣ አውትቦርድም አለ፤ ነገር ግን ከባድና ውድ ነው። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው «ጄት ነውን?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ምን ይጠጣል? የትስ ያድራል?» ብሎም ነው።

፯. ስለ ጥገና

አውትቦርድ ሞተር ሲበላሽ ተፈትቶ በሌላ ሊተካ ይችላል፤ ካንዴላውን፥ የውኃ ፓምፑንና ፕሮፔለሩን መለወጥ የሚችል ሰው ዓሣ አጥማጅ ባለበት ወደብ ሁሉ አይጠፋም። የጄት ሞተር ግን በጠባብ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። የቀለበቱን ክፍተት የሚለካ፥ ኩሽኔታውንና ማኅተሙን የሚያውቅ ባለሙያ በየወደቡ አይገኝም። በጨው ውኃ ውስጥ አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት ጎን ለጎን ስለሚሠሩ መሥዋዕት የሚሆነው የዚንክ ቍራጭ በየጊዜው ካልተለወጠ ቱቦው ራሱ ይበላል። ከእያንዳንዱ ቀን ሥራ በኋላ በጨው አልባ ውኃ ማጠብ ለሁለቱም ግዴታ ነው።

የሞተር ስምም ዘላለማዊ ዋስትና አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው፥ በ1909 የተጀመረው የኤቪንሩድ አውትቦርድ ከ111 ዓመት በኋላ በግንቦት ወር 2020 ማምረቱ ቆሟል። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ከሞተሩ ታሪክ ይልቅ መርከቡ በሚውልበት አካባቢ ያለውን የመለዋወጫ መደርደሪያ ይመረምራል።

፰. ሁለት ምሳሌዎች

እስካሁን የተባለው ወደ ተግባር ሲመለስ ሁለት መርከቦችን በሐሳብ ማቅረብ ይበቃል።

የመጀመሪያው በፈረንሳይ ጠረፍ፥ በአንቲብና በሳን ትሮፔ መካከል በጋውን የሚያሳልፍ የ26 ሜትር ያት ነው። የባሕሩን ሣር ለመጠበቅ በወጣው ደንብ ምክንያት 24 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች በፖሲዶኒያ ላይ መልሕቅ መጣል ስለማይችሉ ይህ መርከብ ከዳርቻው ርቆ ይቆማል። በመርከቡ ላይ ልጆች አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ይዋኛሉ። ጋራዡ ዝቅተኛ ነው፤ የጥገና ቤት በየወደቡ አለ፤ ጀልባዪቱን የሚነዳውም የሠለጠነ ባሕረኛ ነው። እዚህ ጄት ተገቢ ነው፤ ቢቻል በናፍጣ የሚሠራ። ባለቤቱ በ5 ኖት የሚባክነውን ነዳጅ ለልጆቹ ደኅንነት የተከፈለ ዋጋ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ሁለተኛው በቀይ ባሕር፥ በግብፅ ጠረፍ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ያት ነው። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ማዕበል ያነሣል፤ ከመርከቡ እስከ ወደብ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ጀልባዪቱም ጠላቂዎችንና ከባድ የአየር ጠርሙሶችን ትጭናለች፤ የጄት ባለሙያ በአቅራቢያ የለም። መርከቡ ያለው አንዲት አገልጋይ ጀልባ ብቻ ናት፤ እርስዋ ከቆመች የታመመ ሰው የሚሄድበት መንገድ የለም። እዚህ አውትቦርድ ተገቢ ነው። ፕሮፔለሩ በክብ መከላከያ ሊከለል ይችላል፤ መከላከያው ግን ፍጥነት ይቀንሳል፥ ጥንቃቄንም አይተካም። ጠላቂ ከጀልባዪቱ አጠገብ ሲወጣ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ይህም ደንብ በካፒቴኑ ፊርማ ተጽፎ ከመሪው አጠገብ መለጠፍ ይገባዋል።

፱. መደምደሚያ

ክቡራን አባላት፤

ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት መደረግ ያለበት አንድ ፈተና አለ፤ ይህም በሽያጭ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በውኃ ላይ የሚደረግ ነው። ጀልባዪቱ በሙሉ ሰውና በሙሉ ነዳጅ ትጫን። የሚነዳት ሻጩ ሳይሆን ወደፊት የሚነዳት ባሕረኛ ይሁን። በሰው ምትክ አንድ ተንሳፋፊ ኳስ ውኃ ላይ ይጣል፤ ነጂው በሃያ ኖት እየመጣ ኳሱን ድንገት እንዳየ ሰው ያድርግ። ከዚያም በጎን ነፋስ በዝግታ ወደ መርከቡ መዋኛ ደረጃ ይቅረብ። በጄትዋ ላይ ነዳጁን ለቆ መሪውን ያጠፈ ነጂ ኳሱን ሲመታው ያያል፤ ያን ቀን የሚማረውን ትምህርት ሌላ ቀን በሰው ሕይወት አይማረውም። በአውትቦርድዋም ላይ ኳሱ ወደ ኋላ ሲያልፍ የፕሮፔለሩን ቦታ ልብ ይላል።

ይህን ፈተና ያየ ገዢ ጄትም ይምረጥ አውትቦርድ የመረጠው ዐውቆ ነው። ፕሮፔለሩ በቱቦ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ገሃድ ወጥቶም ሊሆን ይችላል። ከጀልባዪቱ ኋላ የሚንሳፈፈው ልጅ ግን ደኅንነቱ በዚያ ቱቦ ላይ ብቻ አልተመሠረተም። የተመሠረተው ገመዱን በታጠቀው፥ ቀድሞ በዘገየው፥ ሞተሩንም በጊዜ ባጠፋው ሰው እጅ ላይ ነው። የመሐንዲስ ድርሻ ይህን ለባለቤቱ ከግዢው በፊት በግልጽ መንገር ነው።